የጡት ካንሰር ኦፕራሲዮን፦ በሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደብረ ብርሃን ይሁን በመሐል ሜዳ፣ በሸዋ ሮቢት ይሁን በዓለም ከተማ፣ «ካንሰር ነው» የተባለች ሴት ቀድማ የምትጠይቀው «ይቆረጣል ወይ?» ብላ ነው። መልሱ ግን በቢላው ላይ ብቻ አይደለም ያለው። ከኦፕራሲዮኑ በፊት የተሠራው ምርመራ እና ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የሚገኘው (ወይም የማይገኘው) የጨረር ሕክምና ናቸው አብዛኛውን ነገር የሚወስኑት። ከታች ያሉት መልሶችም ደጋግመው ወደ እነዚህ ሁለቱ ይመለሳሉ።

ካንሰር ቢላ ከነካው ይሰራጫል ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። ወሬው ግን ከባዶ አልተነሳም። ብዙ ሰው ሆስፒታል የሚደርሰው እብጠቱ ቆዳ ላይ ከወጣ በኋላ ነው፤ ያኔ በሽታው ሳይታይ አጥንት፣ ጉበት ወይም ሳንባ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ኦፕራሲዮን ከተሠራ ከጥቂት ወራት በኋላ ያ ብቅ ሲል ጥፋቱ በቢላው ላይ ይደፈደፋል። ሌላም ምክንያት አለ። እብጠቱ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ «አውጥተን እንየው» ተብሎ ይቀደድና ዳርና ዳሩ ይቀራል፤ የቀረው ደግሞ እዚያው ጠባሳው ላይ መልሶ ያድጋል። ይህ በቢላ የመጣ ስርጭት ሳይሆን የጎደለ ሥራ ነው።

ናሙና የሚወሰድበት መርፌም በሽታውን አያሰራጭም። በአንጻሩ በጋለ ብረት ማስተኮስና ቆዳ የሚያቆስል መድኃኒት መለጠፍ ጉዳት አለው። ቆዳው ይከፈታል፣ ይመግላል፣ ቀዶ ሐኪሙም ሰፋ ያለ ቆዳ ለማንሳት ይገደዳል። አንዳንዴ የቀረው ቆዳ ገጥሞ ስለማይሰፋ ከጭን ወይም ከሌላ ቦታ ማምጣት ያስፈልጋል።

ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ከመግባቴ በፊት ምን ምን ውጤት በእጄ ሊኖር ይገባል?

አንደኛው የናሙና ውጤት ነው። በቀጭን መርፌ የሚወሰደው፣ ኤፍ ኤን ኤ የሚባለው፣ ፈጣንና ርካሽ ነው፤ የካንሰር ሕዋስ መኖሩን ሊናገር ይችላል። ካንሰሩ ከወተት ቱቦው ወጥቶ ይሁን ገና ውስጡ ይሁን ግን አይለይም። ወፍራሙ መርፌ፣ ኮር ባዮፕሲ፣ የክር ቁራጭ የመሰለ ሥጋ ስለሚያወጣ ሁለቱንም ይመልሳል። የሚቻል ከሆነ ኮር ይጠይቁ።

ሁለተኛው የሪሴፕተር ምርመራ ነው፤ በወረቀቱ ላይ ኢ አር፣ ፒ አር እና ኸር ቱ ተብሎ ይጻፋል። ከዚያው ናሙና ላይ የሚሠራ ሲሆን፣ ኢ አርና ፒ አር ካንሰሩ በሆርሞን ይመገብ እንደሆነ፣ ኸር ቱ ደግሞ ካንሰሩን የሚያሳድግ ፕሮቲን በዝቶ እንደሆነ ይናገራሉ። መድኃኒቱ የሚመረጠው በዚህ ውጤት ነው።

ሦስተኛው የምስል ምርመራ ነው። ሁለቱም ጡቶች እና ሁለቱም ብብቶች መታየት አለባቸው። እብጠቱ ትልቅ ከሆነ ወይም ካንሰሩ የብብት ዕጢ ከደረሰ የደረት ራጅና የሆድ አልትራሳውንድ፣ ካስፈለገም ሲቲ ስካን ይጨመራል። በሽታው ሩቅ ሄዶ ከተገኘ ሕክምናው በመድኃኒት ይጀመራል እንጂ ጡት በማንሳት አይጀመርም።

«ከኦፕራሲዮኑ በኋላ እናየዋለን» ከተባሉ፣ ከሦስቱ የትኛው እንደጎደለና ለምን እንደጎደለ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ናሙናውን ይዘን አዲስ አበባ እንድንሄድ ተነገረን። ምን እንጠንቀቅ?

ብዙ ውጤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ረዘም እንበል።

ሥጋው ከሰውነት ከወጣ በ1 ሰዓት ውስጥ፣ እንዳይበሰብስ በሚያቆየው ፈሳሽ፣ በ10 በመቶ ፎርማሊን፣ ውስጥ መግባት አለበት። የፎርማሊኑ መጠን የሥጋውን 10 እጥፍ ያህል መሆን ይኖርበታል፤ ሥጋው ብልቃጡን ሞልቶ ፎርማሊኑ ጥቂት ከታየዎት አልበቃም ማለት ነው። ግሉኮስ፣ የጨው ውሃ፣ አልኮል ወይም አረቄ ምትክ አይሆኑም። በረዶ ቤት ማስገባትም ሥጋውን ያበላሸዋል።

ፎርማሊን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በጣም ቀስ ብሎ ነው፣ በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ። ስለዚህ አንድ ሙሉ ጡት እንዳለ ባልዲ ውስጥ ቢነከር ዳሩ ይጠብቃል፣ መሀሉ ይበሰብሳል። የሚያውቅ ሰው እዚያው ሆስፒታል ከጀርባው በኩል መሰንጠቅ አለበት። እቤት ማንም አይንካው። ሥጋው ላይ የተሰፉ አጭርና ረጅም ክሮች ካሉም አይቆረጡ። የትኛው ወገን ላይ፣ የትኛው ወደ ጎን እንደነበር ናሙናውን ለሚመረምረው ለፓቶሎጂ ሐኪሙ የሚጠቁሙት እነሱ ናቸው።

ለሪሴፕተር ምርመራ ሥጋው ፎርማሊን ውስጥ መቆየት ያለበት ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ችግሩ መንገዱ አይደለም። ችግሩ ዓርብ ማታ ዘመድ ቤት ተደርሶ ላቦራቶሪው እስከ ሰኞ ሲዘጋ፣ ሰኞም የአንድ ወረቀት ማኅተም ጎድሎ ወደ ማክሰኞ ሲገፋ ነው። ያኔ 72 ሰዓቱ አልፏል፤ «ኢ አር ኔጌቲቭ»፣ ማለትም በሆርሞን የማይመገብ፣ የሚል ወረቀት ሊወጣ ይችላል፤ እውነቱ ግን ሥጋው ስለተበላሸ ነው። ኦፕራሲዮኑ ዓርብ ከሆነ ናሙናው ማን ዘንድ እንደሚያድር አስቀድመው ይነጋገሩ።

ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የትኛው ጡት እንደሆነ እና የተወሰደበት ቀንና ሰዓት በብልቃጡ አካል ላይ ይጻፍ። በክዳኑ ላይ ብቻ ከተጻፈ ክዳን ከክዳን ይቀያየራል። ፎርማሊን ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላል፤ ክዳኑን አጥብቀው፣ በሁለት ፌስታል አስረው፣ ቆሞ እንዲጓዝ ያድርጉ። ከምግብ ጋር አንድ ዘንቢል ውስጥ አይግባ።

ጡቴን ሳላጣ መታከም እችላለሁ?

ለብዙ ሴቶች ይቻላል፣ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። እብጠቱን ከዙሪያው ካለ ጤነኛ ሥጋ ጋር አውጥቶ ቀሪውን ጡት ማትረፍ ጡት ቆጣቢ ኦፕራሲዮን ይባላል። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም በርናርድ ፊሸር የመሩት፣ 1,851 ሴቶችን 20 ዓመት የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ጥናት፣ ሙሉ ጡታቸው በወጣላቸውና እብጠቱ ብቻ በወጣላቸው መካከል በሕይወት የመቆየት ልዩነት አላገኘም። ከዚያ በፊት ለብዙ አሥርት ዓመታት ጡትን ከነደረት ጡንቻው መንቀል እንደ ግዴታ ይታይ ነበር።

ያው ጥናት ሌላም ነገር አሳይቷል፦ እብጠቱ ብቻ ወጥቶ ጨረር ካልተሰጠ በ20 ዓመት ውስጥ በዚያው ጡት ላይ ካንሰሩ የተመለሰባቸው 39 በመቶ ሲሆኑ፣ ጨረር የወሰዱት 14 በመቶ ነበሩ። ለሰሜን ሸዋ ታካሚ ወሳኙ ቁጥር ይህ ነው። ጨረር ማለት ባብዛኛው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን የመሰለ ቦታ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ አሁን በብዛት በሚሠራበት አሰጣጥ 15 ወይም 16 ጊዜ፣ ማለትም 3 ሳምንት ገደማ ነው። እያንዳንዱ ቀን ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል፤ የሚከብደው ወረፋው፣ ማደሪያውና አስታማሚው ነው። ስለዚህ ጡት ቆጣቢውን ከመምረጥዎ በፊት ቀዶ ሐኪሙን «የጨረር ተራዬ መቼ ይደርሳል?» ብለው ይጠይቁ። ተራው የማይታወቅ ከሆነ ሙሉውን ማውጣት የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ ይህን ማለት ሽንፈት አይደለም።

ጡት ቆጣቢው የማይመከረው ካንሰሩ በጡቱ የተለያዩ ክፍሎች ተበታትኖ ሲገኝ፣ ጡቱ በሙሉ ቀልቶና አብጦ ቆዳው የብርቱካን ልጣጭ ሲመስል፣ ደረት ላይ ቀድሞ ጨረር ተወስዶ ከሆነ፣ ወይም እርግዝናው ገና መጀመሪያው ላይ ሆኖ ጨረር ሊዘገይ የማይችል ሲሆን ነው። የጡቱና የእብጠቱ መጠንም ይመዘናል፤ 3 ሳንቲ ሜትር እብጠት በትልቅ ጡት ትንሽ፣ በትንሽ ጡት ግማሽ ነው።

ከወጣ በኋላ የፓቶሎጂ ሐኪሙ የሥጋውን ዳር በቀለም ቀብቶ ያያል። ቀለሙ ላይ የካንሰር ሕዋስ ካለ ዳሩ አልጠራም፤ ዳግም ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል። ይህ በየትኛውም አገር የሚያጋጥም ነው፣ ጡት ቆጣቢውን የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ሙሉ ጡት ሲወጣ ምን ምን ይነሳል?

ጫፉና በዙሪያው ያለው ቆዳ፣ የጡቱ ሥጋ በሙሉ፣ እና ደረት ጡንቻው ላይ ያለው ስስ ሽፋን። ጡንቻው ይቀራል፤ ስለዚህ ቁስሉ ሲድን እጅ ሥራውን ይሠራል። ካንሰሩ ብብት ከገባ የብብት ዕጢዎችም አብረው ይወጣሉ። ኦፕራሲዮኑ በሙሉ ማደንዘዣ፣ ባብዛኛው ከ2 እስከ 3 ሰዓት ነው። የሚቀረው ከደረት አጥንት ወደ ብብት የሚሄድ አንድ መስመር ጠባሳ ነው።

ጡቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶም ጨረር ሊያስፈልግ ይችላል። እብጠቱ ከ5 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ፣ ቆዳ ወይም ደረት ከነካ፣ ወይም 4 እና ከዚያ በላይ የብብት ዕጢዎች ካንሰር ከተገኘባቸው ጨረር ይታዘዛል። «ጡቴን የሰጠሁት ከጨረር ለመዳን ነበር» የሚል ቅሬታ የሚመጣው ይህ ቀድሞ ሳይነገር ሲቀር ነው።

ብብቴ ለምን ይነካል?

ካንሰሩ ከጡት ሲወጣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው በብብት ዕጢዎች፣ ሐኪሞች ሊምፍ ኖድ በሚሏቸው፣ ነው። ስንቱ እንደተነካ ማወቅ ቀጣዩን ሕክምና ይወስናል።

ብብት በእጅም በአልትራሳውንድም ንጹሕ ከመሰለ ሁሉንም ማውጣት አያስፈልግም። ጡቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ተወግቶ፣ ቀለሙ ቀድሞ የደረሰባቸው 1 እስከ 3 ዕጢዎች ብቻ ወጥተው ይመረመራሉ። (ሽንትዎ አንድ ሁለት ቀን አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቢሆን አይደንግጡ፤ ቀለሙ ነው።) ዕጢዎቹ መነካታቸው ቀድሞ ከተረጋገጠ ወይም ይህ ዘዴ በማይሠራበት ቦታ ሙሉ የብብት ጽዳት ይደረጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ 10 እና ከዚያ በላይ ዕጢዎች ይወጣሉ።

ሁለቱን የሚለያቸው ዋና ነገር የክንድ እብጠት ነው። ከሙሉ ጽዳት በኋላ ከ5 ሴቶች 1 ገደማ፣ ከጥቂት ዕጢዎች መውጣት በኋላ ደግሞ ከ100 ሴቶች 6 ገደማ ክንዳቸው በዘላቂነት ያብጣል። የክንድ ውስጠኛ ክፍል መደንዘዝም የተለመደ ነው፤ ብብት ውስጥ የሚያልፍ የስሜት ነርቭ ስለሚነካ ነው።

«መጀመሪያ ኬሞ፣ ከዚያ ኦፕራሲዮን» አሉኝ። ጊዜ እየባከነብኝ ነው?

አይደለም። እብጠቱ ትልቅ ሲሆን፣ ቆዳ ሲይዝ ወይም የብብት ዕጢዎች ተጣብቀው ሲገኙ፣ ኬሞው፣ ማለትም ካንሰርን የሚገድለው መድኃኒት፣ ቀድሞ ያሳንሰዋል። ሊወጣ የማይችል የነበረው ይወጣል፣ አንዳንዴም ጡት ማትረፍ ይቻላል። ጥንቃቄው ሌላ ቦታ ነው፦ እብጠቱ ጠፍቶ ሲያዩ «ዳንኩ» ብለው ኦፕራሲዮኑን መተው። በእጅ አለመዳሰሱ የለም ማለት አይደለም። ኦፕራሲዮኑ ከመጨረሻው ኬሞ በኋላ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሠራል።

ለኦፕራሲዮኑ ቀን እንዴት ልዘጋጅ?

ጠንካራ ምግብ ለኦፕራሲዮኑ 6 ሰዓት ሲቀር፣ ንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት ሲቀር ይቆማል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተረኛ ከሆኑ እራት የመጨረሻው ምግብዎ ይሁን፤ ውሃ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ይፈቀዳል፣ የማደንዘዣ ባለሙያው ሌላ ካላዘዘ። ውሃ ማለት ውሃ ነው። ወተት፣ አጥሚትና ጠላ እንደ ምግብ ይቆጠራሉ። ሆድ ባዶ ካልሆነ በማደንዘዣ ውስጥ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ተራዎ ይሰረዛል።

የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይናገሩ፤ የባህል መድኃኒትም ቢሆን አይደብቁ። ፊት ለፊት የሚከፈት ሸሚዝ ይያዙ፣ በአናት የሚገባ ልብስ ለሳምንታት ያስቸግራል። የጤና መድን መታወቂያዎ መታደሱን እና የሪፈር ወረቀቱ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ደረጃውን ጠብቆ መምጣቱን አስቀድመው ያረጋግጡ። ወረቀቱ ከተዘለለ ወጪው ከኪስ ይወጣል።

ቱቦ ተገጥሞልኝ ወደ ቤት ተላክሁ። ምን ላድርግ?

ቱቦው፣ በዋርዱ ቋንቋ ድሬኑ፣ ከቆዳ ሥር የሚጠራቀመውን ፈሳሽ ያወጣል። ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ሲጨመቅ ይስባል፤ ሞልቶ ወይም አየር ገብቶ ካበጠ አይስብም። ጠዋትና ማታ በተወሰነ ሰዓት እጅ ታጥበው ይክፈቱት፣ በመለኪያ ይለኩ፣ ይድፉ፣ ጎማውን ጨምቀው እንደተጨመቀ ይዝጉት። ቀኑንና ሚሊ ሊትሩን በደብተር ይጻፉ። ማንበብ የሚችል ልጅ በቤት ካለ ይህን ሥራ ይስጡት፣ ልጆች ቁጥር አይረሱም።

ቀለሙ መጀመሪያ ቀይ፣ ከዚያ ሮዝ፣ በኋላ እንደ ብርዝ ቢጫ ይሆናል። ባብዛኛው ሁለት ቀን በተከታታይ በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ይወጣል፤ ይህም ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈጃል። ድንገት ፈሳሹ ቆሞ ደረቱ ካበጠ ቱቦው ተዘግቷል። ደማቅ ቀይ ሆኖ ጎማው ቶሎ ቶሎ ከሞላ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ከሸተተ፣ ወይም የስፌቱ ዳር ከጠቆረ በዚያው ቀን ይመለሱ።

በመኪና ሲጓዙ፣ በተለይ በጣርማበር ቁልቁለት፣ ጎማውን በመርፌ ቁልፍ ከውስጥ ልብስ ጋር ያያይዙት። ነጠላ ወይም ጋቢ ስቦት የሚወጣ ቱቦ ብዙ ነው። የቀበቶው መስመር በቁስሉ በኩል ካለፈ ጋቢውን አጥፈው ከሥሩ ያድርጉ።

ቱቦው ከወጣ በኋላ ቆዳው ሥር ውሃ እንደ ቋጠረ ከረጢት ቢወዛወዝ ሐኪም በመርፌ ይመጠዋል። ሰፈር ውስጥ ለሚወጋ ሰው አይስጡት፤ ያመግለዋል።

እንጀራ መጋገር፣ ውሃ መቅዳት መቼ እችላለሁ?

ከኦፕራሲዮኑ ማግስት ጣት መጨበጥና መዘርጋት፣ ክርን ማጠፍ ይጀመራል። ቱቦው እስኪወጣ ድረስ ክንድ ከትከሻ በላይ አይነሳም። ከዚያ ግድግዳ ፊት ቆመው በጣቶችዎ ወደ ላይ ይውጡ፤ የደረሱበትን በከሰል ምልክት ያድርጉና በማግስቱ አንድ ጣት ይለፉት። ሕመም ፈርቶ እጅን በነጠላ ጠቅልሎ የሚቀመጥ ሰው ትከሻው ይደርቅበታል፤ ጨረር ሲታዘዝም ክንዱን ወደ ላይ አንስቶ መተኛት ስለማይችል ቀጠሮው ይራዘማል።

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ለ6 ሳምንት በዚያ እጅ አይነሳም። ቀላል ሥራ ከ3 ወይም ከ4 ሳምንት በኋላ ይቻላል። ሙሉ የብብት ጽዳት የተደረገለት ክንድ ግን ለዕድሜ ልክ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ የምጣድ ቃጠሎ፣ የማጭድ ጭረት፣ የእሾህ ውጋት ከገባ በሳሙና ታጥቦ ይታይ፤ ከቀላና ከሞቀ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። መርፌና የደም ግፊት መለኪያም በተቻለ መጠን በሌላው እጅ ይሁን። ቀለበት ወይም አምባር መጥበቅ ሲጀምር እብጠቱ መጀመሩ ነው፤ ያኔ ቶሎ ከተያዘ ክንዱን አጥብቆ በሚይዝ መታጠቂያና በእንቅስቃሴ ይገታል።

ጠበልስ?

ሸንኩራ ዮሐንስም ሆነ ጻድቃኔ ማርያም መሄድ ከሕክምናው ጋር አይጋጭም። የሚጋጨው ቀጠሮ ማሳለፍና ክፍት ቁስል ማርጠብ ነው። ቱቦው እስኪወጣና ስፌቱ እስኪዘጋ ድረስ ቁስሉ ላይ ጠበል አይፍሰስ። ኬሞ ላይ ከሆኑ የሰውነት መከላከያዎ ስለሚቀንስ መጠመቅና መጠጣትን ከሐኪም ጋር ይማከሩበት። ስለ ጾም ደግሞ ንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ። ከጾሙ ካልወጡም ሽሮ፣ ባቄላ፣ ምስርና በሶ ለቁስል የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ይሰጣሉ፤ አለመብላት ግን ቁስሉን ያዘገያል።

ወንድም ይይዘዋል?

አዎ፣ ከ100 የጡት ካንሰር ታካሚዎች 1 ያህሉ ወንድ ነው። ኦፕራሲዮኑ ባብዛኛው ሙሉ ጡት ማውጣት ነው። «የወንድ ጡት ምን አለው» ተብሎ ስለሚናቅ ዘግይቶ ይመጣል።

ኦፕራሲዮኑ ካለቀ በኋላስ?

የፓቶሎጂውን ወረቀት ሳይቀበሉ አይቆዩ። ዕጢዎቹ ስንት እንደወጡና ስንቱ እንደተነኩ፣ ዳሩ መጥራቱ፣ ሪሴፕተሩ በወረቀቱ ላይ መኖር አለባቸው። ኬሞ የሚያስፈልግ ከሆነ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ቢጀመር ይመረጣል፤ ከ90 ቀን በላይ ማዘግየት ይጎዳል። ኢ አር ወይም ፒ አር ፖዘቲቭ ከሆነ ባብዛኛው ሆርሞኑን የሚያግደው ክኒን፣ ታሞክሲፌን፣ 20 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ለ5 ዓመት ይታዘዛል፣ ለአንዳንዶች እስከ 10 ዓመት። አንድ ፍሬ በቀን ስለሆነ ይናቃል፤ ደህና ነኝ ብሎ በሁለተኛው ዓመት ማቆም ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስህተት ነው።

በጡቴ ቦታ ምን ላድርግ?

ከራስ ሰውነት ሥጋ ወስዶ ወይም ሲሊኮን አስገብቶ ጡት መልሶ መሥራት አለ፣ ግን በቀላሉ የሚገኝ አይደለም፤ ጨረር ካለ ደግሞ ባብዛኛው ጨረሩ ካለቀ በኋላ ይቆያል።

የብዙዎቹ መፍትሔ ከጡት መያዣ ውስጥ የሚገባ ምትክ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ጠባሳውን እንዳይጫነው በንጹሕ ጥጥ ብቻ የተሞላ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። ከዚያ ክብደት ያስፈልገዋል፤ አንዱ ወገን ቀልሎ ሲቀር ትከሻና አንገት ያማል፣ ጡት መያዣውም ወደ ላይ ይሸሻል። ከነጠላ ቁራጭ ከረጢት ሰፍተው መሀሉን በተለቀመ ምስር ወይም በማሽላ፣ ዙሪያውን በጥጥ ይሙሉ፤ ሌላውን ጡት በእጅ መዝነው እስኪመጣጠን ድረስ ይጨምሩ ወይም ይቀንሱ። ከውስጥ በኩል ኪስ ሰፍተው ካስገቡት ጎንበስ ሲሉ አይወድቅም። እህሉ በላብ ይሻግታልና በየሁለት ሳምንቱ አፍስሰው ከረጢቱን ይጠቡ፣ በፀሐይ ያድርቁ፣ በአዲስ እህል ይሙሉት።